የመብራቱ ዕዳ ማን ትከሻ ላይ ነው? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ፣ መነሻ

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰባቸው መንደሮች የፀሐይ መብራት በዱቤ ማድረስ። መብራቱን አንድ አስመጪ ድርጅት ያቀርባል። የሴቶች የቁጠባ ቡድኖች ገዢዎቹን ስለሚያውቋቸው እነሱ ይመለምላሉ። ክፍያው በሞባይል ገንዘብ ይሰበሰባል። እኔ መሃል ላይ ያለሁ አስተባባሪ ነኝ። ደመወዜ ከለጋሽ ስለሚመጣ ከሦስቱም ወገን ለማንም አላዳላም፤ ቢያንስ ማዳላት የለብኝም።

የዛሬው ስብሰባ ሞቅ ያለ ነበር። አስመጪው ባመጣው ሰነድ ላይ «አካታች የንግድ ሞዴል» የሚል ሐረግ በየገጹ አለ። ሁሉም አመሰገነ፣ ሁሉም ተስማማ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጣልኩ። አንድ ቤተሰብ መክፈል ቢያቅተው የሚቃጠለው የማን ገንዘብ ነው? አስመጪው የቡድኖቹን ተወካይ አየ። ተወካይዋ አስመጪውን አየች። የሞባይል ገንዘቡ ሰውዬ ስልኩን አየ።

የቤት ሥራዬን አገኘሁ። መልሱ በወረቀት ካልሰፈረ አንድ መብራትም ከመጋዘን አይወጣም ብዬ ለሦስቱም ነገርኳቸው። ደስ ያላቸው አይመስለኝም።

በዚያው ሳምንት፣ የወጪ ቅኝት

«መብራት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። አልፈልግም የሚል የለም። እኛ የጠየቅነው ባለፈው ሳምንት ለምን ለምን ስንት እንዳወጡ ነው። ነጭ ጋዝ፣ ሻማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ስልክ ቻርጅ ማስደረጊያ።

አንዲት እናት ኩራዟን አውጥታ አሳየችኝ። ነጭ ጋዙን የምትገዛው በትንሽዬ ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሷ ላይ በምስማር የተጫረ መስመር አለ። እስከ መስመሩ ድረስ ለሁለት ምሽት ይበቃል። ልጆቹ ፈተና ሲኖራቸው መስመሩ ታልፋለች። በሊትር ሒሳብ ሲሠራ በጀሪካን ከሚገዛው ሰው በጣም አብልጣ ትከፍላለች። ይህን እሷም ታውቀዋለች። የጀሪካን ገንዘብ በአንዴ እጇ አይገባም እንጂ።

ስለ ድሆች ገበያ የጻፉት ተመራማሪዎች ሲ ኬ ፕራሃላድና አለን ሃሞንድ በ2002 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሙምባይ ውስጥ ሁለት ሰፈሮችን አነጻጽረው ነበር። በድሆቹ ሰፈር በዳራቪ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ሀብታሞቹ ከሚኖሩበት ዋርደን ሮድ 37 እጥፍ ይወደድ ነበር። ቁጥሩን ብዙ ሰው ይወደዋል። «እንግዲያው ገበያ አለ» ተብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ ይታለፋል። ድሃው ውድ የሚገዛው በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ነው፤ በትንሽ በትንሹ የሚገዛው ደግሞ ገንዘቡ እንደዚያው ተቆራርጦ ስለሚመጣ ነው። የእኛም ክፍያ እንዲህ ተቆራርጦ ካልተመጠነ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይሸጥም።

ሌላም ነገር አየን፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የያዝኩት እሱን ነው። የአስመጪው ሰነድ ላይ «አንድ ቤተሰብ ለነጭ ጋዝና ለስልክ ቻርጅ የሚያወጣው ተደምሮ ከወርሃዊ ክፍያው ይበልጣል» ይላል። ድምሩ ልክ ነው። ግን በአብዛኞቹ ቤቶች ነጭ ጋዙን የምትገዛው ሚስት ናት፣ ስልኩን ቻርጅ የሚያስደርገው ባል። ሁለት ኪስ ነው። ባል የቻርጅ ወጪው ቢቀርለት የተረፈው ገንዘብ ወደ ሚስቱ ኪስ ይዞራል ማለት አይደለም። ወረቀት ላይ የተደመረው ቤት ውስጥ አልተደመረም። መብራቱ የማን ዕዳ ይሆናል የሚለው ጥያቄ ለካ ከድርጅቶቹ በፊት ከበር ውስጥ ነው የሚጀምረው።

ሐሙስ፣ የዕቃ ምርጫ

ይኼኛው ፈጥኖ አለቀ። አስመጪው ሁለት ዓይነት ዕቃ አቀረበ፤ አንዱ ርካሽ ነው። የዓለም ባንክ ቡድን «ላይቲንግ ግሎባል» በሚለው ፕሮግራሙ ያስጀመረው የጥራት ፍተሻ አለ። ከ2020 ወዲህ «ቬራሶል» በሚል ስም ይሠራል። መብራቱ 2,000 ሰዓት ከበራ በኋላ ብርሃኑ ከመነሻው ከ85 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠብቃል፤ ዋስትናውም ለገዢው በግልጽ እንዲነገር ይጠይቃል። ርካሹ ይህን ፍተሻ አላለፈም። በእጅ በእጅ ሽያጭ ቢሆን ሰው ይምረጥ ይባላል። በዱቤ ግን ክፍያው ሳያልቅ የሚሞት መብራት የሸጠ ሰው ዕዳውን ማን ላይ ሊሰበስብ ነው? ውድ የሚባለው ተመረጠ።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርን። ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ሁለት ቀዳዳ ይኑረው። የባል ኪስ የሚገኘው በዚያ በኩል ነው።

ቀጣዩ ሰኞ፣ የኤምፔሳ ጨዋታ

የሞባይል ገንዘቡ ድርጅት ሰውዬ ዛሬ ኤምፔሳን፣ የኬንያውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ አነሳ። በዚህ ሥራ ውስጥ ኤምፔሳ ሳይነሳ ያለቀ ስብሰባ አላውቅም። ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን መጀመሪያውን ነገርኩት።

በ2005 ኬንያ ውስጥ ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ሌላ ነበር። የስልክ ድርጅቶቹ ሳፋሪኮምና ቮዳፎን ፋውሉ ከሚባል የአነስተኛ ብድር ተቋም ጋር ሆነው ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር የሞከሩት። ሰዎቹ ግን ስልኩን ለራሳቸው ጉዳይ አዋሉት። አንዱ ለሌላው ገንዘብ ላከ። መንገድ ሲሄዱ ገንዘባቸውን ስልክ ውስጥ አስቀመጡ። በመጋቢት 2007 አገልግሎቱ በይፋ ሲከፈት ዋናው ጉዳይ ገንዘብ ወደ ቤት መላክ ሆነ። ብድር መክፈሉ ወደ ጎን ቀረ።

ለእኛ የሚጠቅመን የፋውሉ ነገር ነው። አሠራሩ በቡድን ስብሰባ ላይ የቆመ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ይከፍላል፤ ያልከፈለውም ፊት ለፊት ይታያል። በስልክ መክፈል ሲመጣ ለመሰብሰብ ምክንያቱ ሳሳ። የእኛም የቁጠባ ቡድኖች ፍርሃታቸው ይኸው ነው፤ ሴቶቹ አፍ አውጥተው ነግረውኛል። ስለዚህ ክፍያው በስልክ ይሁን፣ የደረሰው መልእክት ግን በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ ተባለ። ማንበብ የማትችለውም ሴት የራሷን ቁጥር በጆሮዋ ትሰማለች። ይህን ያመጣችው አንዲት ጸሐፊ ናት፤ ከባለሙያዎቹ ለማንም አልመጣለትም።

ደግሞ አንድ ነጥብ። ለኤምፔሳ ሙከራ የእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ሰጥቶ ነበር፤ ቮዳፎንም ከራሱ ያን ያህል አዋጥቷል። የሕዝብ ገንዘብ የገባው ነጋዴው ብቻውን ሊደፍረው ያልፈለገው ቦታ ላይ ነው። የለጋሻችንን ገንዘብ የት እንደምናውለው ሲጠየቅ ይህን አነሳለሁ ብዬ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ሳጥኑ

የዛሬው ቀን ረጅም ነበር። አስመጪው የውል ረቂቅ ላከ። አንቀጽ 7 ላይ «አባል ባይከፍል ከቡድኑ ተቀማጭ ይሸፈናል» ይላል። ይዤው ወደ ቡድኑ ስብሰባ ሄድኩ።

የእነዚህ ቡድኖች አሠራር በ1991 ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ አካባቢ፣ ኬር የሚባለው ድርጅት ከሴቶች ጋር ከጀመረው የመጣ ነው። አሁን በብዙ አገር ይሠራበታል። ገንዘቡ በብረት ሳጥን ይቀመጣል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹን ሦስት የተለያዩ ሴቶች ይይዛሉ፤ ሳጥኑ ደግሞ አራተኛዋ ቤት ያድራል። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ዙሩ ሲያልቅ ገንዘቡ ከነወለዱ ለአባላቱ ይከፋፈላል።

ረቂቁን አነበብኩላቸው። አንቀጽ 7 ላይ ስደርስ ዝም አሉ። ከዚያ ቁልፍ ከያዙት አንዷ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ እናት፣ «ልጄ፣ ይኼ ገንዘብ የመብራት ዋስ አይሆንም» አሉኝ። «ለወሊድ ነው፣ ለሕመም ነው፣ ለዘር ነው። ነጋዴው ዕቃውን ሲያበድር ሰዉን አይቶ ያበድር።» ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «እኛ ሰው እንጠቁም፣ እንምከር፤ ኪሳችንን ግን አይንኩብን» አለች።

ማታ ለአስመጪው ደወልኩ። ለድሆች የሚያበድረውን የባንግላዴሹን የግራሚን ባንክ የቡድን ብድር ጠቀሰልኝ። ይህ ክርክር ውሃ አያነሳም። ግራሚን ራሱ ዛሬ አንዷ ያልከፈለችውን ሌላዋ ትክፈል አይልም። የጋራ ዋስትናና አስገዳጅ ማስከፈል አንድ ላይ ሲሄዱ የት እንደሚያደርሱ ደግሞ በ2010 ህንድ ውስጥ፣ አንድራ ፕራዴሽ ላይ ታይቷል። ሰዉ ከብዙ አበዳሪ ተደራራቢ ብድር ወስዶ ነበር። የክልሉ መንግሥት በጥቅምት ወር ማስከፈሉን የሚገድብ ድንገተኛ ሕግ ሲያወጣ ክፍያው ባንዴ ቆመ፤ አበዳሪዎቹም አብረው ተንገዳገዱ።

አንቀጽ 7 ተሰረዘ። በምትኩ ምን ይግባ የሚለው ገና ነው።

የኪሳራው ሠንጠረዥ

ቀን አልጻፍኩበትም፤ ተከፋፍሎ የተሠራ ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍንና ክፍያ የሚቆምባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ጻፍን።

ዕቃው ከተበላሸ፣ አስመጪው። እስኪጠገን ድረስ ቀኑ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ብዙ ጭቅጭቅ አልነበረም።

ኔትወርክ ጠፍቶ ክፍያ ካልገባ፣ የሞባይል ገንዘቡ ድርጅት። ሰውዬው ተንገራገረ። በመጨረሻ ገንዘብ ሳይሆን ቀን ይከፈል በሚል ተስማማን፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን ልክ መብራቱ ሳይዘጋ ይቆያል።

ምርት ያልደረሰበት ወር ከሆነ፣ ማንም አይከስርም፤ የክፍያ ሰሌዳው ነው የሚስተካከለው። ሜክሲኮ ውስጥ ሴሜክስ የተባለው የሲሚንቶ ድርጅት በ1998 ጓዳላሃራ ላይ የጀመረው የቤት መሥሪያ ዕቃ ሽያጭ ፕሮግራም ሦስት ሦስት ሆነው በተደራጁ ሰዎች ለ70 ሳምንት እኩል ክፍያ ይሠራ ነበር። እሱ ከተማ ነው። የእኛ ገዢዎች ገንዘብ የሚያዩት ምርት ሲሸጥ ነው። ስለዚህ ከምርት በኋላ ከፍ ያለ፣ በደረቁ ወራት ዝቅ ያለ ክፍያ ተሠራ። አስመጪው ሶፍትዌሩ ይህን አይቀበልም አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተቀበለ።

ገዢው ቢታመም ወይም ቢሞት፣ ለሦስት ወር መብራቱ ሳይነካ ይቆያል፤ ከዚያ ቤተሰቡ ይወስናል።

ጨርሶ የማይከፍል ቢመጣስ? ትልቁ ፍጥጫ እዚህ ነበር። አስመጪው «ከመቶ ደንበኛ አሥሩ ካልከፈሉ አሥር በመቶ ከሰርኩ ማለት ነው» ይላል። ወረቀቱ ላይ አብረን አሰላነው። የመብራቱ ዋጋ 100 ነው እንበል። ቅድሚያ ክፍያው 20። የሚያቋርጠው ሰው ከቀረው 80 ግማሹን ከፍሎ አቋረጠ እንበል፤ በድምሩ 60 ገብቷል ማለት ነው። የጎደለው 40 ነው። መብራቱ ተመልሶ፣ ተጠግኖ፣ ማጓጓዣው ተቀንሶ 15 ካወጣ፣ ኪሳራው 25 ይሆናል። አሥር ሰው ሲሆን 250፤ ከጠቅላላው 10,000 ላይ 2.5 በመቶ። አስመጪው ካልኩሌተሩን ራሱ ነካክቶ አየው። ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ።

መጨረሻው እንዲህ ሆነ። የመጀመሪያውን 2.5 በመቶ ኪሳራ ከለጋሹ የሚመጣ መጠባበቂያ ይሸፍናል፤ ከዚያ በላይ ያለው የአስመጪው ነው። ኪሳራው ሁሉ በመጠባበቂያ ቢሸፈንለት ማንንም ዝም ብሎ መዝግቦ ይሸጣል። ምንም ባይሸፈንለት ደግሞ የሚሸጠው ደመወዝ ላለው ብቻ ነው። የቁጠባ ቡድኖቹ ከኪሳራው ነፃ ሆኑ። የእነሱ ድርሻ ሰው መጠቆምና ያቋረጠ ሰው ሲኖር ምክንያቱን አጣርቶ መንገር ነው። ለዚህም ይከፈላቸዋል። በነፃ ይሥሩ የሚል ሐሳብ ከአንድ ወገን መጥቶ ነበር፤ ስሙን አልጽፈውም፤ ፈጥኖ ሞተ።

ዓርብ፣ ወኪሎች

ወኪሎቹ ከየቡድኑ የተመረጡ ሴቶች ናቸው። ኮሚሽኑ በሽያጭ ብቻ ከሆነ ላገኙት ሁሉ ይሸጣሉ፤ ማንም ያደርገዋል። በተሰበሰበ ክፍያ ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያዎቹን ወራት በባዶ ኪስ ይዞራሉ። ግማሹ በሽያጭ ቀን፣ ግማሹ ክፍያው እየገባ ሲሄድ ይሁን ተባለ። የጥገና ጉዞም ለብቻው ይከፈላል። የጥገና ነገር በኮሚሽን ውስጥ ሲዋጥ ማንም አይሄድም።

ህንድ ውስጥ የሳሙና አምራቹ ሂንዱስታን ሊቨር በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ሻክቲ» ብሎ በጀመረው አሠራር የመንደር ሴቶች ዕቃውን ራሳቸው ገዝተው ነበር የሚሸጡት። ሳሙና ስለሆነ ይሆናል። መብራት ውድ ነው፤ ያልተሸጠው ወኪሏ ቤት ተቀምጦ ዕዳ ይሆናል። የእኛዎቹ በአደራ ይረከባሉ እንጂ አይገዙም።

ማክሰኞ፣ ቁልፉ

መብራቱ ክፍያ ሲቋረጥ በራሱ ይዘጋል። የተከፈለበት ቀን ሲያልቅ፣ አዲስ የኮድ ቁጥር እስኪገባ ድረስ አይበራም። አስመጪው «ይኼ ካልሆነ ዱቤው አይሠራም» ይላል፤ ልክ ነው። ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድርግም ማለቱ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ ሕፃን አለ፣ የታመመ አለ።

አምራቹ ሶፍትዌሩን ማስተካከል እንደሚችል ተረጋገጠ። አሁን መጀመሪያ የሚዘጋው ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ነው። ለተወሰኑ ቀናት ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይቀራል። ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ፣ ያውም ጠዋት ላይ ነው። ቻርጁ ሲቆም ደግሞ ባልየው ቶሎ ይሰማዋል። ይህን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ሴቶቹ ግን ገብቷቸው ተሳሳቁ።

ወሩ ሲያልቅ፣ ከመንደር የታየ

መብራቶቹ ወጥተዋል። ክፍያው በየቀኑ አይገባም። በገበያ ቀን ማታ ይጎርፋል፤ ብዙው ሰው የብዙ ቀን በአንዴ ይከፍላል። የሞባይል ገንዘቡ ድርጅት ከትንሽ ክፍያ ላይ የሚቆርጠው የአገልግሎት ዋጋ የሚጎዳው በየቀኑ የሚከፍሉትን፣ ማለትም ከሁሉ የቸገራቸውን ነው። ተመዝግቧል።

ከተበላሹት ውስጥ ባትሪ የለም። የሚሰበረው ሽቦው ፓኔሉ ላይ የሚሰካበት ጫፍ ነው። ፓኔሉን ሌባ ፈርተው ማታ ማታ ያስገቡታል፤ ጠዋት መልሰው ያወጡታል። በተሰካ በተነቀለ ቁጥር ጫፉ ይላላል። ወኪሎቹ ጋ መለዋወጫ ሰኪ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ ከጠቅላላው ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ የሚታሰርበት ቀላል ብሎንም ታዘዘ። አንድ ቤት ደግሞ መብራቱ ደክሟል ተብሎ ስንሄድ ፓኔሉ ዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘነው። ወኪሏ አነሳችው፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገችው፣ ፀሐይ ወዳለበት አዞረችው። አለቀ።

ሐሙስ፣ የዶላር ነገር

አስመጪው አዲስ አንቀጽ ይዞ መጣ። ዕቃውን የሚገዛው በዶላር ብድር ነው፤ የሚሰበስበው ደግሞ በአገር ገንዘብ። ምንዛሪ ከወረደ ክፍያው ይጨመርልኝ ይላል። ስጋቱን አልንቀውም። በዚሁ ሥራ ትልቅ ስም የነበረው ሞቢሶል በ2019 የኪሳራ ሂደት ውስጥ ገብቶ ኋላ በፈረንሳዩ የኃይል ኩባንያ በኤንጂ ተገዝቷል። መብራት በዱቤ መሸጥ ብዙ ካፒታል ለረጅም ጊዜ አስሮ የሚይዝ ንግድ ነው።

ግን ዋጋ መጨመር ራሱ መድኃኒት አይደለም። ግራሚንና የፈረንሳዩ የወተት ውጤቶች ድርጅት ዳኖን በ2006 ባንግላዴሽ ውስጥ አብረው የመሠረቱት የእርጎ ድርጅት በ2008 ወተት ሲወደድበት ዋጋ ጨመረ። የገጠር ገዢዎች ትተውት ሄዱ። ኋላ ኩባያውን አሳንሰው ነው ወደ ገበያው የተመለሱት። ኩባያ ይቀነሳል፤ መብራት ግማሹን መሸጥ አይቻልም።

የተስማማነው እዚህ ድረስ ነው። መብራት ወስዶ እየከፈለ ያለ ሰው ዋጋ አይነካበትም። ለውጡ ለአዲስ ገዢ ብቻ፣ ያውም አስቀድሞ በቡድኖቹ ስብሰባ ከተነገረ በኋላ ነው። ለነባሮቹ የምንዛሪው ጉዳት የአስመጪው ይሆናል። እሱ ደግሞ በአገር ገንዘብ የሚያበድረው ባንክ እየፈለገ ነው።

የቀሩ ነገሮች፦ ከትንሽ ክፍያ ላይ የሚቆረጠው የአገልግሎት ዋጋ ይቀነስ በሚለው ላይ የሞባይል ገንዘቡ ድርጅት አልፈረመም፤ ሰኞ ከአለቃው ጋር ይመጣል። የደንበኞቹን የክፍያ ታሪክ ለሌላ አበዳሪ ማሳየት የሚቻለው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚለው አንቀጽ በሁሉም ቋንቋ ተተርጉሞ አላለቀም። ብሎኖቹ ደርሰዋል፤ ወኪሎቹ ቅዳሜ ይረከባሉ።